እጅ ያወጣንበት ስብሰባ

ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ከአጎቴ ጋር የምንኖረው ጄኔቫ ዳር፣ ወደ ፈረንሳይ ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ፎቁን እኛ ተከራይተናል፤ ምድር ቤቱ ውስጥ ባለቤቲቱ ማዳም ይኖራሉ። ማዳም አሮጊት ናቸው፤ የተወለዱትም እዚያው ቤት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ካሳ ከፍሎ ቤቱን ሊያፈርሰውና መንገዱን ሊያሰፋ መሆኑን ሲሰሙ ምግብ አልወርድ አላቸው።

"ስብሰባ ተጠርቷል" አሉኝ። "ተቃዋሚ ከበዛ ይተዉት ይሆናል። ሰው አምጡልኝ።"

ለአጎቴ ተረጎምኩለት። አዲስ አበባ የነበረውን ቤት ደርግ "ትርፍ" ብሎ ስለወሰደበት ነገሩ አንጀቱን በላው። እሑድ ለጸሎት የሚሰበሰበውን ሐበሻ ሁሉ ለመነ። ከዙሪክ ሳይቀር በባቡር መጡ፤ ሁሉም እንደ ሠርግ ለብሰው። ማዳም ደስ ብሏቸው ከፊት አስቀመጡን።

መሐንዲሱ ካርታ ሰቅሎ ብዙ ተናገረ። እኔም አንድ ቃል ሳልዘል በሹክሹክታ ተረጎምኩ። ከዚያ ሰብሳቢው "ዕቅዱን የሚቃወም እጁን ያውጣ" አለ።

ማዳምና ጥቂት ጎረቤቶች አወጡ። የእኛ ረድፍ ጫማ ጫማውን አየ።

"የሚደግፍስ?"

ይህንንም ተረጎምኩ። የረድፉ እጅ በሙሉ ባንዴ ወጣ። ከዙሪክ የመጡት ወይዘሮ እንዲያውም ግራ እጃቸውን ጨብጠው ነው ያወጡት። ማዳም ዞረው አዩን።

"ጋሼ፣ አውርድ እንጂ" አልኩት አጎቴን። "ልንቃወም አይደል የመጣነው?"

"አውቃለሁ" አለ አጎቴ፤ እጁ ግን አልወረደም። "ቀበሌ የለመደ እጅ ነው፤ ምን ላድርገው?"

"ቆይ እስቲ" አሉ ወይዘሮዋ፣ "መጀመሪያ ስም የሚመዘግበው የቱ እንደሆነ እንወቅ።"

በመጨረሻ አጎቴ ላብ እያጠመቀው ተነሣ። "እቃወማለሁ" አለ በአማርኛ። ተረጎምኩ። ሰብሳቢው አመሰገነው፤ ሲያበቃም ለሁላችንም ነጭ ወይን ተቀዳ። አጎቴ በሩን በሩን እያየ ሳይቀምሰው ቀረ።

ቤቱ በዓመቱ ፈረሰ። ለማዳምም ለእኛም ሌዛቫንሼ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ላይ ፊት ለፊት አፓርታማ ደረሰን። ማዳም ያቺን ስብሰባ እስከ ዛሬ ያነሡብናል። በቀደም አጎቴን ጠየቁት።

"ለመሆኑ አገራችሁ ቤታችሁን ሲወስዱ ምንም አልጠየቋችሁም?"

ተረጎምኩለት።

"ጠይቀውናል እንጂ። ስብሰባማ በየሳምንቱ ነበር። ሁላችንም ደግፈናል።"