ጉንዳን ያልወጣበት ማንጎ

የዛፍ ተባይ ትዝታ ተብሎ ይጻፋል ወይ? እርግጠኛ አይደለሁም። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ገና አንደኛ ዓመቴ ነው፤ ጓደኞቼ ስለ ሰፈራቸው ሲያወሩ ግን እኔ ትዝ የሚለኝ መልካ ጀብዱ ያለው የአያቴ ጓሮ ነው፤ ከጓሮውም ማንጎው።

አያቴ ከባቡር ጥገና ጡረታ ከወጣ ወዲህ ውሎው እዚያ ማንጎ ሥር ነበር። ከቀትር በኋላ ወዳጆቹ ጫታቸውን ይዘው ይመጣሉ። በዚያ ሙቀት እንደዚያ ያለ ጥላ የትም አልነበረም።

አያቴ ዛፍ መታመሙን የሚያውቀው በጉንዳን ነው። ብርቱካኑን ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይ ሲወረው፣ ዘይቱኑ ላይ ጥጥ የመሰለው ተባይ ሲጣበቅ፣ ሁለቱም ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚያንጠባጥቡ ጉንዳን በግንዱ ሽቅብ ይሰለፋል። ያኔ አያቴ ቅጠሉን በሳሙና ውሃ ያጥባል፤ ጓሮው ሁሉ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ያ ሽታ አሁንም ይናፍቀኛል።

ማንጎው ላይ ግን ጉንዳን ወጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ቅጠሉ ነጣ ነጣ ሲል አያቴ «የከባድ መኪና አቧራ ነው» ብሎ ተወው።

ፍሬውን ወደ መጋላ ገበያ የምትወስደው ሶማሌ ነጋዴ አንድ ቀን ማንጎ አንስታ አገላበጠች። ልጣጩ ሮዝ ነጠብጣብ ነበረበት። አያቴን በቋንቋዋ «አዴር»፣ አጎቴ፣ እያለች ነው የምትጠራው።

«አዴር፣ ማንጎህ ኩፍኝ ወጣበት እንዴ?»

«አቦ ተይ! አቧራ ነው፣ ይታጠባል።»

«እጠበው እስቲ!»

ቅጠል ቆርጦ አጠበ። ነጩ አልለቀቀም። እሷ በጥፍሯ ስትፍቀው ከነጩ ቅርፊት ሥር ቢጫ ነፍሳት ወጡ። አያቴ የዘይቱኑን ቅጠል አምጥቶ አጠገቡ አስቀመጠ። የዘይቱኑ ተባይ ለስላሳ ነው፣ በጣት ይጠረጋል። የማንጎው ግን ጋሻውን ደፍቶ አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ ቅጠሉን ይመጥጣል። ፈሳሽም አያንጠባጥብ፤ ጉንዳን ምን ሊያደርግ ይመጣል?

«ወላሂ፣ ቅርንጫፉን ቆርጠህ ካላቃጠልከው የጎረቤቶችህንም ይጨርሳል» አለችው።

ቅርንጫፉ ከሄደ ጥላው ይሄዳል። አያቴ ነገ ዛሬ እያለ አቆየው። ወዳጆቹም «ቁረጠው፣ ዣንጥላ እናዋጣልሃለን!» እያሉ ይስቁበት ነበር። በኋላ ግን ዘወትር አጠገቡ በሚቀመጠው ሰውዬ ጓሮ ያለው ማንጎም ነጭ ነጠብጣብ አወጣ። ሰውዬው ያን ቀን መሬት መሬት እያየ ዋለ። በማግስቱ ጠዋት አያቴ መጋዝ አስመጣ።

ከሰዓት ሰዎቹ ጫታቸውን እንደያዙ መጡ። ፀሐዩ እስከ ግንዱ ድረስ ወርዷል። ትንሽ ቆመው አዩና ወደየበረንዳቸው ተመለሱ። የአያቴ ጓሮ ውሎ ያበቃው ያን ዕለት ነው፤ ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ሦስት ቀን።