የአዘቦት ቀን ዶሮ ወጥ

ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ፤ ዛሬ ሆዴ አሳፈረኝ።

የላፍቶዋ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ፣ በዓል የለ ክርስትና የለ፣ በአዘቦት ማክሰኞ ለዶሮ ወጥ ጠሩኝ። ለታመመ እንኳ እንቁላል የማይሰጡ ሴት ናቸው! እኔ ግን ጣቴን እየላስኩ መረቅኋቸው። ስወጣ ደግሞ አንድ አውራ ዶሮ አስታቀፉኝ።

ከዶሮዎቼ ጋር ከቀላቀልኩት በኋላ ነው የእትዬ አስካለ የዶሮ ቆጥ ባዶ እንደነበር ትዝ ያለኝ። አውራው አንገቱን ደፍቶ ያንጎላጃል።

አጥሩ ላይ ተንጠላጥዬ ተጣራሁ፤ «እትዬ፣ ዶሮዎችዎ ላይ የፈንግል በሽታ ገብቷል እንዴ?»

«ቀስ በይ ልጄ፣ ሰው ይሰማል! የበላሽውማ ደህናዎቹን ነው።»

አውራውን ለብቻው ቅርጫት ደፋሁበት። አሁን የዶሮዎቼን ዓይን ዓይን እያየሁ ነው።

እናንተንስ ያለ በዓል ለዶሮ ወጥ የጠራችሁ ጎረቤት አለ? ነገ አንዷ ካንጎላጀች ምሳ እኔ ቤት ነው፤ ማን ደፍሮ እንደመጣ እነግራችኋለሁ።