«ምን አለችሽ?»

...እኔ ስማር ስድቡ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቀር ነበር፣ ቢያንስ ቤት ድረስ አይከተለኝም...

ዛሬ እዚህ እስራኤል፣ ሐደራ ከተማ የልጄ መምህር አስጠራችን። እናቴም አብራን መጣች።

የልጄ ክፍል ልጆች በዋትሳፕ በቆዳዋ ቀለም ሲሳለቁባት ከርመዋል። መምህሯ ግን «ከትምህርት ሰዓት ውጭ ነው፤ ስልኳን ቀሟት» አለች።

«የቤት ሥራውን ማታ ማታ በዚያው ዋትሳፕ የምትልኪው አንቺ አይደለሽም?» አልኳት።

ሰዓቷን አየች። ለካ የእኛም ሰዓት አልቋል።

ዕብራይስጥ የማትሰማው እናቴ ወደ ልጄ ዞረች። «ምን አለችሽ?»

«ጎበዝ ተማሪ ነሽ አለችኝ፣ ሳቭታ» አለቻት አያቷን።

እናቴ ብድግ ብላ መምህሯን መረቀቻት። መምህሯም ፈገግ ብላ ተቀበለች።

የእናንተ ልጆችስ ለአያቶቻቸው ምን ብለው ተርጉመዋል? እስኪ ጻፉልኝ።

ቤት ስንደርስ ልጄ ስልኳን ይዛ ክፍሏ ገባች። በሩን ዘጋችው።