ማናጀሩ ቤት ሽማግሌ ሆነን የሄድን ቀን

በስደት ከምንኖርበት ከተማ ዳር፣ ሂሊያርድ ያለው ፋብሪካችን የአሳንሰር በር መቆለፊያ ይገጣጥም ነበር። ባለቤቶቹ ስፔን ውስጥ ካለ አንድ ራስ ገዝ ክልል የመጡ ናቸው፤ ክልሉ የራሱ ፓርላማ፣ የራሱም ፕሬዚዳንት አለው። አንድ ቀን ማናጀሩ ሰበሰበንና የክልሉ መንግሥት ኩባንያውን "ሥራውን ወደ አገርህ መልስ፣ መሬቱንም ሕንፃውንም እኔ እችላለሁ" እንዳለው ነገረን። እኛ ሐበሾቹ ክልል የሚለውን ቃል ስንሰማ ድሮም ደህና ነገር አይታየንምና ብዙም አልገረመን። ያስደነገጠን በሦስት ወር ውስጥ እንደሚዘጋ ሲነግረን ነው።

የኔ ጭንቀት የባለቤቴ ዓይን ነበር። ግራው ማየት ካቆመ ቆይቷል። ቀኙን ለማትረፍ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞለታል፤ ቀጠሮው ግን ፋብሪካው ከተዘጋ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። የሕክምና ኢንሹራንሳችን ደግሞ በኔ ሥራ የሚገኝ ነው። ሰው ሁሉ "ሌላ ሥራ ትይዣለሽ" ይለኛል። ግሮቭ ሲቲ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ በማግስቱ ብቀጠር እንኳ አዲሱ ኢንሹራንስ እስኪጀምር ቀጠሮው ያልፋል። ይህን ማስረዳት ሰለቸኝ።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ በስደት መጥተው ኢስትሙር የሚባለው ሰፈር ቤት የገዙ፣ በከተማው ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩ ሰው ናቸው። "ሽማግሌ ሆነን ቤቱ እንሂድ" አሉ።

"ጋሼ፣ ዲሲዥኑ እኮ ከላይ ነው። እሱ ምን ፓወር አለው?" አልኳቸው።

"አንቺ ብቻ አስተርጉሚ፣ ሌላውን ለኛ ተዪው።"

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አራት ሆነን ሄድን፤ ሦስቱ ወንዶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ነበሩ። ጋሼ መኪና ውስጥ "እሺ እስኪለን ድረስ ምንም እንዳትቀምሱ" ብለው አስጠነቀቁን። ማናጀሩ በሩን ከፍቶ ሲያየን ደነገጠ፣ ግን አስገባን። ዳቦ፣ አይብ፣ ወይራ አቀረበ። ማንም እጁን አልዘረጋም።

"ጾም ላይ ናችሁ?" አለኝ በእንግሊዝኛ።

እንደዚያ ነገር ነው አልኩት። ምን ልበለው?

ጋሼ ቆመው ረጅም ንግግር አደረጉ፤ የባለቤቴን ዓይን ሳይቀር አነሱ። ስተረጉም እዚያ ላይ ስደርስ በራሴ አፍ ለራሴ መለመን አሳፈረኝና "የአንዷ ሠራተኛ ባል ታሟል" ብዬ አለፍኩት። ለዚህ ሞኝነቴ ዛሬም ራሴን ይቅር አላልኩም።

ማናጀሩ ሰምቶ ሲጨርስ ስልኩን አወጣና ቪዲዮ አሳየን። የክልሉ ፕሬዚዳንት ሜዳ ላይ የመሠረት ድንጋይ ያስቀምጣል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ቪዲዮውን አቆመና ከሚያጨበጭቡት መሃል አንዲት አሮጊት አሳየን።

"እናቴ ናት" አለ። "እኛ መንደር ሥራ የለም፤ ያደገ ሁሉ ይወጣል። ከአራት ልጆቿ አንዳችንም አጠገቧ የለንም። ይህን የወሰንኩት እኔ አይደለሁም፣ ማስቆምም አልችልም። እሷ ግን ደስ ብሏታል።"

ተረጎምኩላቸው። የምናደድበት ሰው ፈለግሁ፣ አጣሁ። ፕሬዚዳንቱን እንዳልረግም፣ የመረጠው ሕዝብ ሥራ አምጣልን አለው፣ አመጣለት። እዚያ አገር እኔ ድምፅ የለኝም፤ የባለቤቴን ዓይን የሚያውቅም የለም።

ሽማግሌ ደግሞ ሳይመርቅ ከሰው ቤት አይወጣም። ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ።

"ስደት ይቅርላችሁ። አዲሱ ፋብሪካ ይጽና፣ ይስፋ። እናትህ ልጆቿን በዙሪያዋ ትሰብስብ።"

ሁለቱ ሽማግሌዎች አሜን አሉ። ማናጀሩ ምን እንደተባለ እንድነግረው ወደኔ ዞረ። አንዱንም ሳላስቀር ተረጎምኩለት፤ ዓይኑ እንባ ሞላና እሱም አሜን አለ። የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ሁሉም ያዩኛል።

አሜን አልኩ።