ከወፍጮ ቤት የቀዳኋቸው ድምፆች

እንዴት እንደወጣሁ ደጋግማችሁ ስለምትጠይቁኝ ከሱ ልጀምር። ከመካነ ሰላም የተነሳሁት ጎህ ሲቀድ ነው። እናቴም እኔም ሌሊቱን ሙሉ የተኛን መስለን ነበር ያደርነው። ስንነሳ የገብስ በሶ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝና ወደ ጓዳ ገባች። የስልኬን ሚሞሪ በላስቲክ ጠቅልዬ በሶው ውስጥ ቀበርኳት።

አቀስታ ሳንደርስ ኬላ ላይ ሚኒባሱን አስቁመው አወረዱን። መሣሪያ የያዘው ልጅ ስልኬን ሲበረብር ቆየና አንድም የተቀዳ ድምፅ ሲያጣ ቦርሳዬን ከፈተ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

“በሶ ነው፤ እናቴ ለመንገድ ቋጥራልኝ።”

በጣቱ ቆንጥሮ ቀመሰ። “ጨው አንሶታል” አለና መለሰልኝ። እኔም በሶውን አቅፌ ወደ ሚኒባሱ ተመለስኩ።

ሚሞሪዋ ላይ የነበረው ይሄ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ አስተምር ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ግን አንትሮፖሎጂ ነው። አንድ መምህራችን “ሰው ኑሮውን እንዲነግራችሁ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አብራችሁት ኑሩ” ይሉን ነበር። ከተማችን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትገባ ሬድዮው የሚነግረን ማን እንደገባና ማን እንደወጣ ብቻ ነበር። በመሀል የነበረው ሰው እንዴት ዋለ፣ ምን በላ፣ ማንን አመነ የሚል አልነበረም። ይህንን በሰዎቹ በራሳቸው አንደበት ማስቀረት አለብኝ አልኩ።

የጋሽ ይመርን ወፍጮ ቤት መረጥኩ፤ ማንም ገዛ ማን ሰው እህሉን ማስፈጨቱ አይቀርምና። ጥያቄ ይዤ አልሄድኩም፤ ቁና ይዤ ነው የሄድኩት። ከትምህርት ቤት ስወጣ ጆንያ እይዛለሁ፣ ዱቄት እጠርጋለሁ፣ ወረፋ ከሚጠብቁት ጋር እቀመጣለሁ። ሲለምዱኝ ነው “ልቅዳ?” ብዬ የጠየቅኳቸው። እንቢ ያለም አለ፤ ተውኩት። ወፍጮው ሲቆም ሰዉ ለትንሽ ጊዜ መጮሁን አይተውም፤ ከዚያ የራሱን ድምፅ ይሰማና ዝቅ ያደርጋል። እውነቱ የሚወጣው ያኔ ነበር።

ጋሽ ይመርም አንድ ቀን ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩኝ። መጀመሪያ ለመጡት ታጣቂዎች ፈጭተዋል፤ እነሱ ወጥተው ሌሎቹ ሲገቡ ለነሱም ፈጭተዋል። ኋላ የገቡት “ለማን ነው ስትፈጭ የነበረው?” ሲሏቸው “ለራበው” አሉ። ጠቋሚው የገዛ ጎረቤታቸው ነበር። ሁለት ቀን ታስረው ወጡ። በኋላ ጎረቤቱ ወዳጃ ላይ፣ ሰው ለዱዓ በተሰበሰበበት፣ ተነስቶ አለቀሰ፤ ይቅር አሉት። ስሙንም፣ የራሳቸውንም ስም እየጠሩ ነው ያወሩኝ።

“አስተማሪዋ ድምፅ ትሰበስባለች” የሚለው ወሬ እስከ ከላላ ከተማ ገበያ ደረሰ። አንዱ ወገን ለነዚያ ነው የምትሠራው አለ፤ እነዚያም እንዲሁ። ሁለቱም የቀዳሽውን አምጪ ብለው ላኩብኝ። ብሰጥ ሰዎቹን መስጠት ነው። ቀደም ብዬ ያመለከትኩት የጀርመን አገር የሦስት ወር ሥልጠና ተሳክቶ ነበርና በደሴ አድርጌ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ጀርመን ገባሁ። ሥልጠናው ሲያልቅ የምመለስበት አልነበረኝም፤ ጥገኝነት ጠየቅሁ።

የምትጠይቀኝ ሹም ጥሩ ሴት ነበረች፤ ቅጹ ነው ክፉ።

“የየትኛው ወገን ነሽ?”

“የማንም። ድምፅ ነው የምቀዳው።”

“ታዲያ የሚያሳድድሽ ማን ነው?”

“ሁለቱም።”

ወረቀቷን አየች። “ቦታው ለአንድ ብቻ ነው። አንዱን ምረጪ።”

አስተርጓሚው አማርኛው ጥሩ ነው፤ ወሎን ግን አያውቃትም። ወዳጃውን “የወዳጆች ግብዣ” ብሎ ተረጎመው። ሹሟ ቀና ብላ “በጦርነት መሀል ግብዣ ታደርጋላችሁ?” አለችኝ። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ተቀምጦ ዱዓ የሚያደርግበት፣ የተጣላም የሚታረቅበት መሆኑን ሳስረዳ ቀጠሮዬ አለቀ። ለሌላ ተርሚን ሦስት ወር ጠበቅሁ። ተርሚን ቀጠሮ ማለት ነው፤ እዚህ አገር ያለ እሱ መታመምም አይቻል።

በመጨረሻ የመኖሪያ ወረቀቱን ሰጡኝና ላይፕዚግ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ብርዱን ለምጄዋለሁ ብዬ ነበር፤ የአቀስታ ብርድ ግን ፀሐይ ስትወጣ ይለቅሻል፣ የዚህኛው ፀሐይም አይፈራ። ዳቧቸው ኮምጠጥ ስላለ እንጀራ ያስታውሰኛል ብዬ ገዛሁት፤ አፌን አታሎ ሆዴን ባዶ አስቀረው። ጎረቤቴ “ሃሎ” ይለኝና እኔ ገና ቤተሰቡን፣ ጤናውን ልጠይቅ አፌን ስከፍት በሩን ዘግቷል። ስለዚህ ቀን ቀን የቀዳኋቸውን እየሰማሁ በጽሑፍ መገልበጥ ጀመርኩ። አንድ ቀን አከራዬ አንኳኳች።

“ውሉ ላይ ያለው አንድ ሰው ነው።”

“ብቻዬን ነኝ።”

“አንድ ሽማግሌ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ሴቶችም ሲስቁ።”

“መካነ ሰላም ናቸው።”

“የትም ይሁኑ፣ የሩሄ ሰዓት ላይ ዝም ይበሉ።”

ሩሄ የዝምታ ሰዓት ነው። በማግስቱ የጆሮ ማዳመጫ ገዛሁ፤ ሰዎቼ ከዚያ ወዲህ ለእኔ ብቻ ያወራሉ።

ቶማስ የሚባል የአንዲት ትንሽ ሬድዮ አዘጋጅ ሥራዬን ከነትርጉሙ ሰምቶ ወደደው። ከሁሉም የወደደው ጋሽ ይመር የታሰሩበትን ነው፤ የተኩስ ድምፅ ከሥሩ እናስገባ አለኝ።

“በቀዳሁት ውስጥ ተኩስ የለም። ያለው ወፍጮ ነው” አልኩት።

“አድማጩ ጦርነት መሆኑን በምን ያውቃል?”

“ሰውየው ሲናገሩ ዝም ብሎ ቢሰማ ያውቃል።”

ተኩሱን ተወው። እኔም ባለቤቶቹ ራሳቸው ሳይሰሙት አንዲት ቃል አይተላለፍም አልኩ። ያኔ አገር ቤት ኔትወርክ አልነበረም። ሳምንት ጠበቀኝ፣ ሁለተኛውንም ጠበቀኝ፣ ከዚያ የሥርጭት ተራችንን ለሌላ ሰጠው። አልተከራከርኩትም። በየቀኑ መደወሌን ግን አላቋረጥኩም።

አንድ ከሰዓት በኋላ መስመሩ ገባ። የጋሽ ይመር ልጅ ከዲጃ አነሳችው፤ ለአባቷ ሰጠችልኝ። ስለ እናቴ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ወፍጮው ከተጠያየቅን በኋላ ስልኩን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠግቼ የራሳቸውን ድምፅ አሰማኋቸው። ሲያልቅ ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩ።

“ጋሼ፣ አሉ?”

“አለሁ ልጄ። የሰውየውን ስም አውጪው። ይቅር ካልኩት በኋላ ስሙን ማንሳት ነውር ነው።”

“የርስዎንም አወጣዋለሁ።”

“የኔንስ ተይው። ስም ከሌለው ወሬ ነው፤ ማንም የፈለገውን ይለዋል። ስሜ ካለበት ግን ምስክር ነው።”

ከዲጃ ስልኩን ተቀበለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

“ሰዓዳ፣ አንቺ እዚያ ነሽ። እኛ እዚህ ነን።”

“አውቃለሁ።”

“እሱ አይፈራም፤ የምፈራለት እኔ ነኝ። በሩ ሲንኳኳ የምከፍተው እኔ ነኝ።”

መምህራችን አብራችሁ ኑሩ ያሉትን ትቼ የወጣሁት እኔ ነኝ። የአባቷን ክፍል እንደማላስተላልፍ ነገርኳት። ሌሎቹ ግን እንደማይቀሩ፣ እያንዳንዳቸውን ፈልጌ እንደማሰማና እሺ ያሉትን ይዤ ቶማስ ዘንድ እንደምመለስ፣ እሱ እንቢ ቢል ሌላ በር እንደማንኳኳም ነገርኳት። የሌሎቹን አምስት ሰዎች ስልክ ቁጥር አንድ በአንድ አጻፈችኝ።

ልንዘጋ ስንል “አባቴ ግን እንቢ ብሎሻል፤ ስሙ ይነሳ ብሏል” አለች።

“እና ምን ይሻላል?”

“መጥተሽ አጠገቡ ስትቀመጪ ያን ቀን ስሙን ጥሪው። የሚመጣውን አብረን እንቀበላለን።”

“እሺ” አልኳት።

“መቼ ትመጫለሽ?”

ስንቱን ሰው ጠይቄ ሳይጣደፍ እስኪመልስልኝ ጠብቄያለሁ። ከዲጃም ጠበቀችኝ። መስመሩ አልተቋረጠም።