ለማውጫው ሰውዬ የነገርኩት ቁጥር

ኢንተርኔት በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን፣ ሀዋሳ፣ ታቦር ሠፈር ሹራብ እየሠራሁ እኖር ነበር። አንድ ክረምት የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ሹራብ ተቀብዬ፣ ትምህርት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው የሹራብ መኪናዬ ክር መንከስ ጀመረች። ሁለት ረድፍ ትሠራለች፣ ሦስተኛውን ትበላዋለች። አሮጌ ስገዛት መመሪያ አልነበራትም። የከተማው ጠጋኞች ደግሞ የሚያውቁት የልብስ ስፌት መኪና ብቻ ነው። በጊዜው ካላደረስኩ ትምህርት ቤቱ ሥራውን ለሌላ ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ አይመለስልኝም።

መመሪያዋን ፍለጋ ወደ ሠፈራችን ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ ታይፒስት ነበሩ፤ እትዬ እንላቸዋለን። ከሰው ጀርባ ቆመው ስክሪን ስለሚያነቡ እሳቸውንም በሙሉ ልቤ አላምናቸውም። ግን የእኔ እንግሊዝኛ ከመዝገበ ቃላት የለቀምኩት ነውና ያለ እሳቸው አይሆንልኝም።

ፈልገን ፈልገን አንድ ገጽ ላይ አረፍን። ማስታወቂያ የለው፣ ጌጥ የለው፤ ከላይ እስከ ታች የሌሎች ድረ ገጾች አድራሻ ብቻ። አንድ ሰውዬ ቁጭ ብሎ የንብ አንቢውን ለብቻ፣ የሸማኔውን ለብቻ፣ የአሮጌ ሹራብ መኪናውን ለብቻ ደርድሮታል። ከየአድራሻው አጠገብም "ይህ ደህና ነው"፣ "የዚህኛው ሥዕል አይታይም" እያለ ጽፏል።

"ስንት ያስከፍላል?" አልኳቸው።

"በነፃ ነው።"

"ታዲያ ምን ፈልጎ ነው?"

"አንቺ ደግሞ! ወዶ ነው የሚሰበስበው።"

"ወዶ? ሚስት የለችውም?"

እትዬ ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። በእኛ ሠፈር ዝርዝር የሚይዝ ሰው ስንት ነፍስ በቤቱ እንዳለ፣ ማን ስብሰባ መጥቶ ማን እንደቀረ የሚመዘግብ ነው። እናቴ እንዲህ ላለው ሰው ሁሉን ነገር አንድ ቀንሳ ነበር የምትነግረው፤ ዶሮም ቢሆን። እኔም ይህን ወርሻለሁ።

የእኔ መኪና ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ከግርጌ ግን "ያጣችሁትን ጻፉልኝ፣ እፈልግላችኋለሁ። የመኪናውን የሞዴል ቁጥር አትርሱ" ይላል። ይኸው መጣ፣ አልኩ በሆዴ።

"ቁጥሯን ምን ያደርግለታል?"

"በምን ይለያት ታዲያ? ባሕር ተሻግሮ መጥቶ አይወርስሽ!"

ቁጥሯን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ መጨረሻው ስምንት ነው። ሰባት አልኳቸው።

በአራተኛው ቀን ሰውየው አድራሻ ላከ፤ እትዬ ከዚያ ያገኙትን መመሪያ አተሙልኝ። ቤት ወስጄ ከመኪናዬ ጋር ባስተያየው መርፌው ሌላ፣ እጀታው ሌላ። ወረቀቱን ይዤ እየበረርኩ ተመለስኩ።

"አላልኩዎትም? አጭበርባሪ ነው!"

እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። "የጻፍሽለት ሰባት፣ የመጣልሽ ሰባት። ምን አጠፋ?"

ፊቴ ጋለ። "ስምንት ነው" አልኩ ቀስ ብዬ።

"ምኑ?"

"ቁጥሩ። አንድ ቀንሼለት ነው።"

"ለሹራብ መኪና!" ብለው ወንበር እስኪደገፉ ሳቁ። ከዚያ ተቀምጠው እንደገና ጻፉለት፤ ጥፋቱንም ወደ ራሳቸው አዞሩት። "ታይፒስቷ ተሳስታ ነው" ብለው። በዚያች ሰዓት በእሳቸው ላይ የነበረኝ ጥርጣሬ ለቀቀኝ።

የመኪናዬ መመሪያ በሳምንቱ መጣ። ለካ ከመርፌዎቿ በላይ፣ ከብረቱ ሥር የምትገባ ቀጭን ስፖንጅ ነበረች፤ አልቃ ዱቄት ሆናለች። ከአሮጌ ፍራሽ ቆርጬ ተካሁላት። ሹራቦቹን ትምህርት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው አስረከብኩ።

የስፖንጇን ነገር ጨምረን ምስጋና ልንጽፍለት ስንቀመጥ፣ ሰውየው ከየት ከተማ እንደምጽፍ ጠይቆ ኖሯል።

"ሀዋሳ ልበለው?" አሉኝ እትዬ።

ጥቂት አሰብኩ። "ሻሸመኔ ይበሉት።"

ከወር በኋላ ገጹን ስንከፍት፣ ከመኪናዬ አድራሻ አጠገብ "ስፖንጁን አስቀድማችሁ እዩ። ምክሩን የሰጠችኝ ከሻሸመኔ የጻፈችልኝ ሴት ናት" የሚል ተጨምሯል።

"ይኸው" አሉ እትዬ፣ "ምስጋናሽን ሻሸመኔ ወሰደችብሽ።"