ሆሳዕናን እየዞርኩ ያለፍኩባቸው ዓመታት

ማክሰኞ ጠዋት፣ ከአዲስ አበባ

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ማክሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሆሳዕና ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጥኩ። የምሄደው አንድ ወረቀት ለማምጣት ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ሆሳዕና ውስጥ መምህርነት እማር ነበር። ለመመረቅ አንድ መንፈቅ ሲቀረኝ አቋረጥኩ። አሁን አርባ አንድ ዓመቴ ነው። አየር ጤና አካባቢ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ፤ የልጆች እጅ አስታጥባለሁ፣ ምሳ አበላለሁ፣ ያለቀሰውን አባብላለሁ። ሰሌዳው ፊት ቆሞ ለማስተማር ግን ዲፕሎማ ያስፈልጋል።

ማታ የሚያስተምር ኮሌጅ ሄጄ ስጠይቅ "የቀድሞ ውጤትሽን አምጪ" ካሉኝ አራት ዓመት ሆነ። በየዓመቱ ክረምት ላይ "ዘንድሮስ እመዘገባለሁ" እላለሁ፤ መስከረም ይጠባል፣ እኔም እዚያው ነኝ። ችግሩ መንገዱ አልነበረም፤ ሆሳዕና መግባት ነው ያቃተኝ። ታናሽ ወንድሜ ጳውሎስ የሞተው እዚያ ሆስፒታል ነው። አባቴን ለመጠየቅ አንጋጫ ስሄድ እንኳ በሀላባና በዱራሜ ዞሬ ነው የምገባው። ለምን ሲሉኝ "በዚያ በኩል መንገዱ ይሻላል" እላለሁ። አይሻልም።

ለምን አቋረጥሽ ላለኝ ሁሉ ደግሞ መልሴ አንድ ነበር፤ "አባቴ ነው ያስቀረኝ።"

ዘንድሮ ያስነሣችኝ ልጄ ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ውጤት ትጠብቃለች። አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፈች፣ "እማዬ፣ የማትሄጂ ከሆነ አልሄድም በይና አርፈሽ ተቀመጪ። በየዓመቱ ስትጀምሪ ማየት ደከመኝ" አለችኝ። ተቆጣኋት። በማግስቱ ፈቃድ ጠየቅኩ።

ታሪፉ ሰባት መቶ ብር ነው። አለም ገናን አልፈን ቡታጅራ ስንደርስ ዝናቡ ጀመረ፤ ቁርስ ፍርፍር በላን። የተቀቀለ በቆሎ የያዙ ሴቶች በላስቲክ ተሸፋፍነው መስኮቱን ያንኳኳሉ። ከወራቤ በኋላ እንሰቱ እየበዛ ሄደ፤ ከየቤቱ ጀርባ ሰፋፊው ቅጠል ውኃውን ያንጠባጥባል። መቃረባችንን ሳውቅ ዓይኔን ከመስኮቱ መለስኩ።

ማክሰኞ ስድስት ሰዓት፣ ሆሳዕና

ከተማው አድጓል። ጭቃ የማውቀው ቦታ ላይ ኮብልስቶን ተነጥፏል፤ ፎቆች በቅለዋል። ባጃጅ ይዤ ኮሌጅ ብልም መንገዱ በሆስፒታሉ በር ነው የሚያልፈው። ቢሮ ለምሳ መዘጋቱን አስታወስኩና "እዚህ ጋ ወራጅ አለ" አልኩ። ለምን እንደወረድኩ እኔም አላውቅም።

ከበሩ ትይዩ ሻይና ዳቦ የምትሸጥ ሴት አለች። በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ያኔ አምስት ወር ሙሉ ለጳውሎስ ወተት የምገዛው እዚህ አካባቢ ነበር። ኩላሊቱን ነበር የታመመው፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። እግሩ ሲያብጥ በጣቱ ይጫንና ጉድጓዱ እስኪሞላ ድረስ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ እኔን ለማሳቅ።

ሴትዮዋ ሻዩን እየቀዳች፣ "በሽተኛ አለሽ እንዴ?" አለችኝ።

"የለኝም።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች ከልቧ።

ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

የኮሌጁን መዝገብ ቤት የሚይዙት አቶ ሎምቤቦ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ስሜንና ዓመቱን ስነግራቸው ወረቀት ላይ ጻፉና አዩኝ።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመት! እስካሁን የት ነበርሽ ልጄ?"

"አዲስ አበባ።"

"አዲስ አበባ ሩቅ አይደለም" አሉ። ሊወቅሱኝ አልነበረም፤ ግን አፈርኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ጠርዙ ያረጀ ክላሰር ይዘው ተመለሱ። ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ "የአንቺ መሆኑን አረጋግጪ" አሉኝ። ፎቶዬ ነበር፤ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። ቀጥሎ የማቋረጫ ቅጹ። ምክንያት በሚለው ቦታ "የቤተሰብ ችግር" ይላል። የአባቴን አሻራ ፈለግኩ። የለም። ፊርማው የእኔ ነው፣ ጽሑፉም የእኔ።

ከሥሩ ሌላ ወረቀት ነበር፤ በማመልከቻ ጸሐፊ እጅ የተጻፈ። "ልጄ ማርታ ኤርሲዶ ወንድሟን ለማስታመም ትምህርቷን አቋርጣለች። ወንድሟም ስላረፈ ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ እለምናለሁ" ይላል። መጨረሻው ላይ ሰማያዊ የአውራ ጣት አሻራ። አባቴ ማንበብም መጻፍም አይችልም። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ "ተፈቅዷል" ተብሎ ተጽፎ ማኅተም ተመቶበታል።

"ይህን አላውቀውም" አልኳቸው።

አቶ ሎምቤቦ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። "አባትሽ ሁለት ጊዜ ነው የመጡት" አሉ፤ "ይኸው፣ ጊዜው እንዲራዘምልሽ የጠየቁበት ሁለተኛው ማመልከቻ ደግሞ እዚህ አለ።"

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሳቸው በሩን ገርበብ አድርገው ሥራቸውን ቀጠሉ። በኋላ ወጥተው፣ "ትራንስክሪፕቱ ነገ ጠዋት ይደርሳል፤ ሄደሽ እረፊ" አሉኝ።

ረቡዕ፣ አንጋጫ

ወረቀቱን በፖስታ አሽጌ ከሰዓት አንጋጫ ደረስኩ። ከዋናው መንገድ ወደ አባቴ ቤት ግማሽ ሰዓት በእግር ነው፤ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። አባዬ ደጅ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ደክሟል፤ ሰው የሚለየው በድምፅ ነው።

"በየት በኩል መጣሽ?" አለኝ በከምባትኛ።

"በሆሳዕና።"

ጋቢውን ሰብሰብ አደረገ። አክስቴ ቆጮና ጎመን አቀረበች፤ አይብም ነበረ። እየበላን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድንች፣ ስለ ልጄ ፈተና አወራን። አክስቴ ላሟን ልታስገባ ስትወጣ ጠየቅኩት።

"አባዬ፣ ኮሌጅ ሄደህ አመልክተህ ነበር?"

"ማን ነገረሽ?"

"ወረቀቱን አየሁት። አሻራህ አለበት።"

እጁን ጉልበቱ ላይ ጠረገ። "እኔ ነኝ ከትምህርት ያስቀረሁሽ፤ ያ እውነት ነው" አለ። "እናትሽ የለችም። ከብቱንና ማሳውን ትቼ ሆስፒታል መቀመጥ አልቻልኩም። ሌላ ማንን ልጥራ? ልጁ ሲሞት ግን የእሷንም ነገር ገደልኩት ብዬ ተነሣሁ። ፈቀዱልኝ። ደስ ብሎኝ ስመለስ አንቺ የለሽም።"

ጳውሎስን በቀበርን በወሩ ነበር ለማንም ሳልናገር አዲስ አበባ የሄድኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ አልጻፍኩም፣ አልደወልኩም።

"ከመጣሁ በኋላስ ለምን አልነገርከኝም?"

"ስትመጪ ልጅ ታቅፈሽ ነበር። የሰጡት ጊዜ አልፏል። ያለፈ ነገር ነግሬ ምን ላድርግሽ?" ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ደግሞ እንደተቀየምሽኝ አውቅ ነበር። ብትቀየሚኝ ይሻላል አልኩ፤ በራስሽ ከምታዝኚ" አለ።

ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት አክስቴ ላሟን እየጎተተች ገባች። ሳልጠይቀው ቀረሁ።

ሐሙስ፣ ዱራሜና አዲሎ

በማግስቱ አባዬ ካልሸኘሁሽ አለ። የአዲስ አበባ መኪና ከዱራሜ ነው የምይዘው። ክንዴን ይዞ መንገድ ድረስ ወረድን፤ ዱራሜ ስንደርስ መኪናው እስኪሞላ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ገባን። ሐምበሪቾ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ነበር።

"ወረቀቱን ይዘሽዋል?" አለኝ።

"ይዤዋለሁ።"

"አንብቢልኝ።"

ፖስታውን ከፍቼ ከመጀመሪያው መንፈቅ ጀመርኩ። አንድ በአንድ የትምህርቱን ስምና ውጤቱን አነበብኩለት። ጆሮውን ወደ እኔ አዘንብሎ፣ በእያንዳንዱ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። የማይገባው ነገር ሲያጋጥመው "ይህ ጥሩ ነው?" ይላል። "ጥሩ ነው" እላለሁ።

"ዝቅተኛው የቱ ነው?"

"ሒሳብ። ሲ ነው ያገኘሁት።"

"ሒሳብ እንኳ ጎበዙ ጳውሎስ ነበር" አለ።

ከቀብሩ ወዲህ ስሙን በመካከላችን ስንጠራው የመጀመሪያችን ነበር። ስለ ቁጥሩ ነገርኩት፤ እግሩን በጣቱ እየተጫነ ጮክ ብሎ ይቆጥር እንደነበር። አባዬ ይህን አያውቅም። ሆስፒታል የሚመጣው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። "እስከ ስንት ይደርስ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። መጀመሪያ እስከ አሥር፣ ወደ መጨረሻው እስከ አርባ አልኩት። ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። የሻይ ቤቱ ሰዎች ዞር ብለው ሲያዩን እኔም አላፈርኩም፤ ያኔ ነው እጁን ይዤ ይቅርታ ያልኩት። የሰማኝ አልመሰለኝም ነበር። "ሾፌሩ እየተጣራ ነው፣ ሂጂ" አለኝና እጄን ግን ቶሎ አልለቀቀውም።

አዲሎ ላይ መኪናው ጎማ ሊያስነፋ ቆመ። ሰዎች ወርደው ሙዝና አቮካዶ ሲገዙ እኔ አልወረድኩም። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በአባቴ ላይ የጣልኩትን ነገር እያሰብኩ፣ ያለእሱ ምን ይዤ እንደምቀር አላውቅም ነበር። ሰው ላይ ሳላላክክ ወደ ኋላ በያዘኝ ነገር ፊት መቆም ነበረብኝ፤ እሱም ከባድ ነው።

ዓርብ፣ አዲስ አበባ

ሌሊቱን ቤቴ አድሬ ዓርብ ጠዋት የማታው ኮሌጅ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ልጅ ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። ያኔ የተማርኩት መርሐ ግብር አሁን የለም። ጥቂት ትምህርቶች ይያዙልኛል፤ የቀረውን ሁለት ዓመት መማር አለብኝ። ለአንድ መንፈቅ ብዬ የሄድኩት ሁለት ዓመት ሆነ። ስመረቅ አርባ ሦስት ይሆነኛል።

ይህ ጉዞ ሌላ ሰው አላደረገኝም። ጳውሎስንም ያን ዕድሜዬንም አልመለሰልኝም። ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ እግሬን የያዘው ሌላ ሰው ነው ብዬ ስኖር የያዝኩት እኔም እንደነበርኩ ነው። ይህን ማወቅ አያስደስትም፤ ግን ማወቁ ብዕር ለማንሣት በቃኝ።

ቅጹን ልሞላ ኮሪደር ላይ ተቀመጥኩ። "ትምህርት ያቋረጡበት ምክንያት" የሚል ቦታ አለ። ብዙ ቆየሁበት። ከዚያ "ወንድሜ ታሞ ነበር። ከሞተ በኋላ ግን ራሴ አልተመለስኩም" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ውጭ ወጥቼ አክስቴ ስልክ ላይ ደወልኩና ከአባዬ ጋር አገናኘችኝ።

"ተመዘገብኩ" አልኩት።

"ስንት ጊዜ ነው?"

"ሁለት ዓመት።"

ስልኩ ውስጥ ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። የሚያሰላ ይመስላል።

"እንግዲያውስ ፍጠኚ" አለኝ።